መንደርደሪያው ታይቷል፤ ግን ከየት ሆነው?
በደካማ ዕይታ ቪዥዋል አፕሮች ለሚያበሩ

ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ዕይታው 400 ሜትር ሲሆን ውሳኔው ቀላል ነው። በዓይኔ አይቼ ላርፍ የሚል አብራሪ የለም፤ ወይ አይኤልኤስ ይዞ ይወርዳል፣ ወይ ሌላ ከተማ ሄዶ ያርፋል። የሚያስቸግረው ሜታሩ 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር የሚልበት ቀን ነው። ደመናው ከፍ ብሏል፤ ቁልቁል ሲያዩ ቤቱም መንገዱም ይለያል፤ አድማሱ ግን ጠፍቷል፣ ሰማይና ምድር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። የአፕሮች ተቆጣጣሪው «ሪፖርት ራንዌይ ኢን ሳይት» ይላል። ከኋላዎ ሁለት አውሮፕላኖች ተሰልፈዋል። ይህ መመሪያ ለዚያ ቀን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ቪዥዋል አፕሮች የሚቀርብልዎ ግብዣ ነው፤ አልፈልግም ማለት ይቻላል። የሚቀበሉትም መንደርደሪያው ለአፍታ ስለታየዎ ሳይሆን፣ ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ ከዓይንዎ እንደማይጠፋ በቂ ምክንያት ሲኖርዎ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ምክንያት እንዴት እንደሚያገኙና ሲያጡት ምን እንደሚያደርጉ ነው።

ደንቡ የሚለውን በአጭሩ

በአይኤፍአር እየበረሩ ቪዥዋል አፕሮች ቢቀበሉ በረራዎ አይኤፍአር እንደሆነ ይቀጥላል። በአይካኦ አሠራር ተቆጣጣሪው የሚፈቅድልዎ መሬቱን እያዩ መውረድ ሲችሉ ሆኖ፣ ወይ የተነገረው የደመና ወለል አፕሮቹን ከሚጀምሩበት ከፍታ ካላነሰ፣ ወይ ደግሞ እርስዎ ራስዎ «አየሩ በዕይታ ወርጄ ለማረፍ ይበቃኛል» ካሉ ነው። ይህችን ሁለተኛዋን ልብ ይበሉ፤ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ኃላፊነቱ ከተቆጣጣሪው ወደ እርስዎ ተሻገረ። አሜሪካኖቹ ቁጥር አስቀምጠውለታል፦ በማረፊያው የደመናው ወለል ቢያንስ 1,000 ጫማ፣ ዕይታው ቢያንስ 3 ስታቲዩት ማይል፣ ማለትም 4.8 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆን አለበት።

በቪኤፍአር ለሚበር ሰው ዝቅተኛው ዕይታ ከ10,000 ጫማ በታች 5 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ጀምሮ ወደ ላይ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ቆላ ላይ ለሚያበር 10,000 ጫማ ሩቅ ሰማይ ነው። ቦሌ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ስላለ፣ 8 ኪሎ ሜትሩ የሚጠየቅበት ከፍታ ከመንደርደሪያው 2,400 ጫማ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። በሜዳ አገር ከተጻፈ መጽሐፍ የተማረ ልጅ ይህን ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። ስፔሻል ቪኤፍአር ደግሞ በ1,500 ሜትር ዕይታም ሊሰጥ ይችላል። ሊሰጥ መቻሉ ግን ይበጃል ማለት አይደለም፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

መውረድ ሳይጀምሩ፦ ዕይታውን የዘጋው ምንድን ነው?

ሜታሩ ላይ ቁጥሩን ብቻ አይተው አይለፉ፤ ከቁጥሩ ቀጥለው ያሉትን ሁለት ፊደሎች ያንብቡ። ቢአር እርጥብ ጭጋግ ነው። ኤፍጂ ዕይታውን ከ1,000 ሜትር በታች ያወረደ ጉም ነው። ኤችዜድ ደረቅ ብናኝ፣ ኤፍዩ ጭስ፣ ዲዩ አቧራ ነው። በእርጥብ ጭጋግ የመጣ 4,000 ሜትርና በአቧራ የመጣ 4,000 ሜትር ጠባያቸው አይገናኝም።

እርጥብ ከሆነ የሙቀቱንና የጤዛ ነጥቡን ልዩነት ይመልከቱ። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ዲግሪ ከሆነና ነፋሱ ከረጋ፣ አሁን ያዩት መንደርደሪያ እርስዎ ፋይናል እስኪደርሱ ላይጠብቅዎ ይችላል። ፀሐይ ስትወጣ ይገለጣል ብለውም አይቸኩሉ፤ የመጀመሪያዋ ሙቀት ረግቶ የነበረውን እርጥብ አየር ስለምታነቃንቀው፣ ጉሙ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሊብስ ይችላል። የክረምት ዝናብ ተንቀሳቃሽ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሆልድ ማድረግ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። አቧራና ጭስ ግን በሩብ ሰዓት አይሄዱም። በበጋ ቆላው ላይ ሣር ሲቃጠል ጭሱ ጠዋት ጠዋት ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ እዚያ ላይ መዞር ነዳጅ ከመጨረስ በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ቀጥለው ፀሐይዋ የት እንዳለች ያስቡ። ጭጋግ ከጀርባ ብርሃን ሲያገኝና ከፊት ሲያገኝ ሌላ ነገር ነው፤ ፀሐይዋ ከፊት ከሆነች እያንዳንዱ ብናኝ ራሱን የቻለ መብራት ሆኖ ዓይን ላይ ይበራል። በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምዕራብ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው፤ የቦሌ 25 መንደርደሪያም የሚያመለክተው ወደዚያው ነው። አመሻሹ ላይ አቧራ ባለበት ቀን በ25 የሚወርድ ሰው ሜታሩ 8 ኪሎ ሜትር ቢለውም እሱ የሚያየው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሜታሩን የሚጽፈው ሰው መሬት ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያያል፤ እርስዎ የሚያዩት በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ ፀሐይዋ ነው።

ይህን ሁሉ ካሰቡ በኋላ የራስዎን ዝቅተኛ ቁጥር ይወስኑ፤ ሳይወርዱ፣ አእምሮዎ ሰፊ ሆኖ ሳለ። እኔ የምመክረው ይህ ነው፦ ለማያውቁት ማረፊያ ቀን ላይ 8 ኪሎ ሜትር፤ ማታ ደግሞ ፓፒ ወይም ግላይድስሎፕ ከሌለ ቪዥዋልን ጨርሶ አለመቀበል። የድርጅትዎ መመሪያ ከዚህ ከጠበቀ መመሪያውን ይከተሉ፤ ከላላ የራስዎን ማጥበቅ ማንም አይከለክልዎትም።

መሣሪያውን እንደ አይኤልኤስ አፕሮች ያሰናዱ

በዓይን ስለሚያርፉ ሬዲዮውን መሙላት አያስፈልግም የሚል ልማድ አለ። መጥፎ ልማድ ነው። አይኤልኤስ ካለ ፍሪኩዌንሲውን ያስገቡ፣ መለያውን ይስሙ፣ ኮርሱን ያስተካክሉ። ከሌለ ከጂፒኤሱ የመንደርደሪያውን ቀጥታ መስመር ያውጡ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2017 እኩለ ሌሊት አካባቢ አንድ የኤር ካናዳ ኤርባስ ኤ320 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በቪዥዋል ሲወርድ መንደርደሪያ ነው ብሎ የተሰለፈው ታክሲዌይ ላይ ነበር። ታክሲዌዩ ላይ አራት አውሮፕላኖች ለመነሳት ተራ ይጠብቃሉ። ኤርባሱ ወደ ላይ ከመመለሱ በፊት እስከ 60 ጫማ ገደማ ወርዶ አልፎባቸዋል። ከመርማሪዎቹ ግኝቶች አንዱ ሠራተኞቹ የአይኤልኤሱን ፍሪኩዌንሲ አለማስገባታቸው ነው፤ ያ መርፌ ቢኖር ኖሮ ከመስመር መውጣታቸውን ይነግራቸው ነበር። ትይዩው መንደርደሪያ ተዘግቶ መብራቱ መጥፋቱ በኖታም ተጽፎ ነበር። እንግዲህ ይህ የሆነው ጭጋግ በሌለበት ሌሊት ነው።

ከዚያ የቁልቁለቱን ሒሳብ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ሦስት ዲግሪ ማለት በየኖቲካል ማይሉ 300 ጫማ ገደማ ነው። ማረፊያው 7,600 ጫማ ከሆነ በ5 ማይል 9,100፣ በ3 ማይል 8,500፣ በ2 ማይል 8,200፣ በ1 ማይል 7,900 መሆን አለብዎ። እነዚህን አራት ቁጥሮች ጉልበትዎ ላይ ባለው ወረቀት ይጻፏቸው። ርቀቱ የሚቆጠረው ከመንደርደሪያው ጫፍ መሆኑን አይርሱ፤ ዲኤምኢው ሜዳው መሀል ወይም ማዶ ተተክሎ ከሆነ ልዩነቱን ያስሉት። በጭጋግ ውስጥ ዓይንዎ «ከፍ ብለሃል» ሲልዎ የሚከራከርልዎ ይህ ወረቀት ነው።

የደጋው ጣጣ እዚህም አለ። በየ1,000 ጫማው እውነተኛው የአየር ፍጥነት መሣሪያው ከሚያሳየው 2 በመቶ ያህል ይበልጣል። ቦሌ ላይ 130 ኖት እያነበቡ በእውነቱ ወደ 150 ኖት እየሄዱ ነው። የቁልቁለቱን ፍጥነት ለማግኘት የምድር ፍጥነትን በ5 ያባዙ፤ ነፋስ ከሌለ በባሕር ጠለል 650 ጫማ በደቂቃ የነበረው እዚህ 750 ይሆናል። ዕይታው 5 ኪሎ ሜትር ሲሆን ደግሞ መንደርደሪያውን ካዩበት እስከሚነኩበት ያለዎት ጊዜ በዚያው ልክ ያጥራል።

ተራራውን ማን ይጠብቅልዎታል?

«ክሊርድ ቪዥዋል አፕሮች» ከተባለ በኋላ ከተራራ ጋር ያለው ጉዳይ የእርስዎ ነው። ቦሌን እንውሰድ፦ በሰሜን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አለ፤ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ። በጠራ ቀን እነዚህ የሚያምሩ ምልክቶች ናቸው። በግራጫ ቀን ግን ከጭጋጉ ጋር አንድ ቀለም ይሆናሉ። ላሊበላ ላይ ማረፊያው ከከተማው ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ከፍታ ከቦታል። ስለዚህ ልማድዎ ይህ ይሁን፦ በመንደርደሪያው መስመር ላይ እስኪሰለፉ ድረስ በካርታው ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ አስተማማኝ ከፍታ አይውረዱ። ቤዝ ላይ እያሉ «ታየኝ» ብለው መውረድ መጀመር በደጋ አገር አይሠራም። ፓፒውም ቢሆን የሚታመነው በመንደርደሪያው መስመርና በአቅራቢያው ነው፤ ከጎን ሆነው ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ስላዩ ከሥርዎ ተራራ የለም ማለት አይደለም።

«ኢን ሳይት» ከማለትዎ በፊት

ሦስት ነገር ይዩ። አንደኛ፣ የመንደርደሪያው ጫፍ። መሀሉ ወይም የተርሚናሉ ጣሪያ ብቻ ከሆነ ገና ነው። ሁለተኛ፣ ፓፒው ወይም የመቃረቢያ መብራቶቹ። ሦስተኛ፣ ያዩት ነገር አቅጣጫ ከኮምፓስዎና ከመርፌው ጋር መስማማቱ። ሦስቱ ካልተሟሉ መልሱ «ኔጋቲቭ፣ ሉኪንግ» ነው፤ ለዚህ የሚቀጣዎ የለም።

ሦስተኛው ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2021 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ዛምቢያ ውስጥ ንዶላ ሊያርፍ ሄዶ ያረፈው ገና ግንባታው ባላለቀው አዲሱ ማረፊያ ላይ ነበር። አዲስ መንደርደሪያ ከአሮጌው ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ዓይን ደግሞ የሚፈልገውን ሲያገኝ መፈለጉን ያቆማል። ጭጋግ ባለበት ቀን ይህ ይብሳል፤ የመጀመሪያው ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ሁሉ መንደርደሪያ ይመስላል፣ አዲስ የተነጠፈ አስፋልት መንገድም ጭምር።

ተቆጣጣሪው ከፊት ያለውን አውሮፕላን አይተው እንዲከተሉት ከጠየቀዎ ደግሞ ሌላ ኃላፊነት ጨመሩ፤ ርቀቱንም፣ ከኋላው የሚለቀውን ሽክርክሪት አየርም የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት። በጭጋግ ውስጥ ነጭ አውሮፕላን ማለት ለአፍታ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነገር ነው። እኔ ብሆን ይህን ግብዣ አልቀበልም።

ከላይ ያዩት ከፊት አይታይም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ከመንደርደሪያው በላይ 1,500 ጫማ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ፣ በዓይንዎና በአስፋልቱ መካከል ያለው ጭጋግ 450 ሜትር ያህል ነው። ቁጥሮቹ ሳይቀሩ ይነበባሉ። ዳውንዊንድ ሄደው፣ ቤዝ ዞረው፣ ፋይናል ላይ በ3 ማይል ሲሰለፉ ግን በዓይንዎና በመንደርደሪያው ጫፍ መካከል ያለው ያው ጭጋግ 5.5 ኪሎ ሜትር ሆኗል። አሥራ ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ነጠላን ነጠል አድርገው ዓይንዎ ላይ ቢጥሉት ማዶውን ያያሉ፤ አሥራ ሁለት ድርብ አድርገው ቢጥሉት ግድግዳ ነው። አየሩ አልተበላሸም፣ ማንም አልዋሸዎትም፤ የተለወጠው የሚያዩበት ማዕዘን ብቻ ነው።

ይህ ወጥመድ በጣም የሚከፋው መሬት ላይ በተነጠፈ ስስ ጉም ነው። ከላይ ሲያዩት ጥቂት ሜትር ውፍረት ያለው ጉም ምንም አይደለም፤ የማዕከል መስመሩ፣ መብራቱ፣ ሁሉም ይታያል። እስከ 100 ጫማ ድረስ ሁሉ ነገር መልካም ነው። አፍንጫውን ከፍ ሊያደርጉ ሲሉ ግን ዓይንዎ ራሱ ጉሙ ውስጥ ይገባና በአግድም መመልከት ይጀምራል፤ ያኔ የሚታየው አንድ ወይም ሁለት መብራት ነው። በዚያች ቅጽበት ጉም ውስጥ መግባት አፍንጫው ብድግ ያለ ያስመስላል፣ እጅም ሳያውቀው ወደ ፊት ይገፋል።

ስለዚህ ከላይ ሲያልፉ ያዩትን እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት፤ ማስረጃ የሚሆነው በመንደርደሪያው መስመር ላይ ሆነው በሰያፍ ያዩት ነው። ከላይ አይተው ዳውንዊንድ ሲሄዱ መንደርደሪያው እየደበዘዘ ከመጣ ቤዝ ላይ ተመልሶ ይመጣል ብለው አይጠብቁ፤ ያን ጊዜ አይኤልኤሱን ይጠይቁ። ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ፈተና አለ፦ መንደርደሪያው እንዳይጠፋ ብሎ ዙሩን ማጥበብና ዝቅ ማለት። ጠባብ ዙር ጥልቅ መታጠፍ ይጠይቃል፣ ጥልቅ መታጠፍ አድማስ በሌለበት ቀን በዝቅታ ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ዓይን ሲዋሽ ወዴት ያዳላል?

በደካማ ዕይታ የሚመጡት ዋና ዋና ማታለያዎች አብዛኛዎቹ የሚገፉት ወደ አንድ ወገን ነው፤ ወደ ታች። ጭጋግ መንደርደሪያውን ከእውነቱ የራቀ ያስመስለዋል። መስታወቱ ላይ ያለ የዝናብ ውኃ ከፍ ያሉ ያስመስልዎታል። ከለመዱት የጠበበ መንደርደሪያም፣ ወደ ፊት ዳገት የሆነ መንደርደሪያም ከፍ ያሉ ያስመስላሉ። በዝናብ ቀን ዳገታማ በሆነ ጠባብ መንደርደሪያ ላይ የሚወርድ ሰው ሦስቱ ተደራርበው «ዝቅ በል» ይሉታል። ወደ ሌላው ወገን የሚያታልለው የበዛ መብራት ነው፤ ደማቅ የመንደርደሪያ መብራት ቅርብ ይመስላልና አብራሪው ከፍ ብሎ ይመጣል። ማታ መብራቱ ካስቸገረዎ ታወሩ እንዲቀንሰው ይጠይቁ።

መድኃኒቱ ፓፒው፣ ወረቀትዎ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮችና የቁልቁለት ፍጥነቱ ነው። አራቱም መብራቶች ቀይ ከሆኑ ውይይት የለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2002 ገና ሳይነጋ የፌዴክስ ቦይንግ 727 በፍሎሪዳ ታላሃሲ በቪዥዋል ሲወርድ፣ ከመንደርደሪያው በፊት ያለው መሬት መብራት የሌለው ጨለማ ነበር። ፓፒው ዝቅ ማለታቸውን እያሳየ ዛፍ መቱ፤ ሦስቱም ሠራተኞች ቆስለው ተረፉ። ምርመራው ድካምን ጠቅሷል፤ የሚያበረው ረዳት አብራሪ ቀለም የመለየት ችግር እንደነበረበትም አረጋግጧል። ከዚህ የምወስደው ነገር ቢኖር የፓፒውን ቀለም ጮክ ብሎ የሚናገር ሁለተኛ ሰው እንደሚያስፈልግ ነው። በጭጋግ ውስጥ ነጩ ብርሃን ቢጫማ ሊመስል ስለሚችል፣ ቀለሙ ከቁጥሮቹ ጋር ካልተስማማ ሁለቱንም አይመኑ፤ ወደ ላይ ይመለሱ።

ቀድመው ይሰናዱ

ዕይታው ጥሩ በሆነበት ቀን ጎማና ፍላፕ እየተዝናኑ ማውጣት ይቻላል። ዛሬ አይቻልም። ፋይናል ከመድረስዎ በፊት ጎማው ወጥቶ፣ ፍላፑ ተዘርግቶ፣ የማረፊያ ቼክሊስቱ ተነብቦ ይለቅ። በሰፊው የሚሠራበት ወሰን የታወቀ ነው፦ በደመና ውስጥ ሲወርዱ 1,000 ጫማ፣ በዕይታ ሲወርዱ 500 ጫማ ላይ አውሮፕላኑ መስመሩንና ቁልቁለቱን ይዞ፣ ፍጥነቱ ከቪሬፍ ሳያንስና ከ20 ኖት በላይ ሳይበልጠው፣ የቁልቁለት ፍጥነቱ ከ1,000 ጫማ በደቂቃ ሳያልፍ መርጋት አለበት። ዕይታው ደካማ በሆነበት ቀን በዓይን ቢወርዱም 1,000 ጫማውን ይጠቀሙ ባይ ነኝ።

ፍጥነቱን በተለይ ይጠብቁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 2013 የኤሺያና አየር መንገድ በረራ 214 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲወርድ ቀኑ የጠራ ነበር። ግላይድስሎፑ ለሥራ ተዘግቶ ነበርና ሠራተኞቹ በዓይን ወረዱ፤ አውቶትሮትሉ ፍጥነቱን የያዘላቸው መስሏቸው ሳለ ፍጥነቱ ወደቀ፤ የአውሮፕላኑ ጭራ ከመንደርደሪያው በፊት ያለውን የባሕር ግንብ መታ፣ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ዓይን ውጭ ሲቀር ውስጥ የሚሆነውን የሚያይ ይጠፋል። ጭጋግ ደግሞ ዓይንን ይበልጥ ውጭ ያስቀራል።

ስለዚህ ሥራውን ይከፋፈሉ። የሚያበረው ውጭ ሲያይ፣ ሌላው መሣሪያው ላይ ይቆይና ይናገር፦ ፍጥነት፣ ቁልቁለት፣ ርቀት፣ ከፍታ። እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታ አንድ ነገር ልበል። ረዳት አብራሪው ዝቅ ማለታቸውን እያየ «ካፒቴን፣ ትንሽ ዝቅ አላልንም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካፒቴኑ «አይ፣ ይዤዋለሁ» ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ጥያቄው ጨዋ ነው፣ ግን መረጃ የለበትም። «ሦስት ቀይ፣ 900 በደቂቃ» ቢል ካፒቴኑን አልተዳፈረም፤ ቁጥር ነው ያነበበው። ካፒቴን ከሆኑ ገና ከላይ ሳሉ «መንደርደሪያው ከጠፋብህ ወይም አራት ቀይ ካየህ ጎ አራውንድ በል፣ አልከራከርህም» ይበሉት። ይህን የተባለ ወጣት በሰዓቱ አፉ አይታሰርም። ብቻዎን የሚያበሩ ከሆነ ደግሞ ራስዎ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ሰው ምን ይለኛል የሚሉት እዚያ የለም።

ሲጠፋ

መንደርደሪያው ከዓይንዎ ከጠፋ፣ ለሁለት ሰከንድም ቢሆን፣ ወደ ላይ ይመለሱ። ይመጣል ብሎ መጠበቅ ማለት በየሰከንዱ ከ10 ጫማ በላይ ወደማያዩት መሬት መቅረብ ነው።

ችግሩ ቪዥዋል አፕሮች እንደ አይኤልኤስ የራሱ የታተመ የመመለሻ መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ገና ከመቀበልዎ በፊት ይጠይቁ፦ «ጎ አራውንድ ብናደርግ አቅጣጫና ከፍታ?» የተሰጠዎን ይጻፉ። ካልተሰጠዎ የዚያው መንደርደሪያ አይኤልኤስ የመመለሻ መንገድ የትኛው እንደሆነ ይዩ፣ እሱን እንደሚከተሉ ለተቆጣጣሪው ይንገሩ።

ሲመለሱ ዓይንዎን ወዲያው ወደ ውስጥ ያምጡ። ሞተሩ ሙሉ ኃይል ሲያገኝና አውሮፕላኑ ሲፈጥን፣ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ፍጥነቱን አፍንጫው ከመጠን በላይ ብድግ ያለ አድርጎ ይተረጉመዋል። አድማስ በሌለበት ሰው ይህን አምኖ መሪውን ወደ ፊት ይገፋል፣ አውሮፕላኑም ወደ መሬት ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኃይል፣ የአፍንጫ ማዕዘን በመሣሪያው፣ ፍላፕ፣ ከፍታ መጨመሩን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ጎማ። ሬዲዮው ይቆያል።

ሁለተኛ ጊዜ የሚሞክሩ ከሆነ በአይኤልኤስ ወይም በጂፒኤስ አፕሮች ይሁን። በዚያው ዕይታ በዚያው መንገድ ደግሞ መሞከር ምን አዲስ ነገር እንደሚያመጣ አይገባኝም። ሁለተኛው ካልሆነ ተለዋጩ ማረፊያ ነው፤ የሚሄዱበትን ነዳጅ ቁጥርም ከመውረድዎ በፊት ጽፈውት መሆን አለበት።

በቪኤፍአር ብቻ ለሚበሩ

የመሣሪያ በረራ ፈቃድ ከሌለዎ ከላይ ያለው ግማሹ አይጠቅምዎትም፤ የሚጠቅምዎት ጭጋጉ ሳይውጥዎ ወደ መጡበት መዞር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመሣሪያ ማብረር ያልሠለጠኑ 20 ሰዎች ዕይታ በጠፋበት ሁኔታ ሲፈተኑ ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቅቷቸዋል፤ አማካይ ጊዜው 178 ሰከንድ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1999 ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየር በጭጋጋማ ሌሊት ከባሕር በላይ ሲወርድ ከሁለት ተሳፋሪዎቹ ጋር የሞተው፣ አየሩ ለቪኤፍአር ዝግ ሳይሆን ነው፤ አድማስ ግን አልነበረም።

ፈቃዱ ያለውም ቢሆን ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2020 ኮቢ ብራያንትን የጫነው ሄሊኮፕተር ሎስ አንጀለስ አካባቢ የመንገዱን የተወሰነ ክፍል በስፔሻል ቪኤፍአር አልፎ ነበር። አብራሪው የመሣሪያ ፈቃድ ነበረው። ደመና ውስጥ ገብቶ ወደ 4,000 ጫማ እየወጣሁ ነው ብሎ ለተቆጣጣሪው ሲናገር ሄሊኮፕተሩ እየተጠማዘዘ ይወርድ ነበር። የተሳፈሩት ዘጠኙም ሰዎች ሞቱ። ስፔሻል ቪኤፍአር ስጡኝ ብለው ከመጠየቅዎ በፊት ከ1,500 ሜትር ዕይታ ወጥተው ወዴት እንደሚሄዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ አይጠይቁ።

ካረፉ በኋላ

ከመንደርደሪያው ወጥተው ታክሲዌይ ላይ ሲቆሙ ለታወር ያዩትን ይንገሩ፦ «ጫፉ የታየን በ2 ማይል ነው፣ ፓፒው በ3፣ ወደ ፀሐይ በጣም ደካማ።» ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ኤቲሱ 6 ኪሎ ሜትር እያለ ከኋላ የሚመጣው አብራሪ ይህን ከሰማ «ሪፖርት ራንዌይ ኢን ሳይት» ሳይባል በፊት «አንኤብል ቪዥዋል፣ ሪኩዌስት አይኤልኤስ» ማለት ይችላል።